ግድግዳ የሚዳብሱት አጎቴ

ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ቤት መብራት ሳይፈጅ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ሲያጠኑ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ ያሳርፉ ነበር።

ቦሌ ቡልቡላ ያለው ቤቴ መጥተው በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ዳበሱና «ልጄ፣ ይሄ ትኩሳት አለበት። ከውጭ ጥላ አሠሪለት» አሉኝ።

«ኤሲ አስገባለሁ፣ ጋሼ።»

በመጡ ቁጥር ይህንኑ ይነግሩኛል፤ እኔም በዚያችው መልስ እሸነግላቸው ነበር።

አርባቸው ከወጣ በኋላ አናጺ ጠርቼ ጥላውን አሠራሁ። ትናንት ከሰዓት፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ፣ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቅዟል። «ይኸው ይንኩት» የምለው ሰው ግን የለም። እጄን ቶሎ አነሳሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጨበጥኩት እጃቸውም እንዲሁ ቀዝቅዞ ነበር።