ሙሉ ነው ብዬ የፈረምኩበት ታንከር

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የወጣሁት። ወረቀት አልያዝኩም፤ እንደመጣልኝ እናገራለሁ። ፈርቻለሁ፤ አላታልላችሁም። ቢሆንም ስሙ ይባረክ።

ብዙዎቻችሁ በሥራዬ ታውቁኛላችሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ደባርቅ ጣቢያችን ያለችው መኪና አንድ ናት። ደባርቅም ቢነድ ዳባትም ቢነድ የምትሄደው እሷው ናት። ሰው ሥራችን ማጥፋት ብቻ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን መጠበቅ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ዛሬስ የማን ቤት ነው እላለሁ። ያኔ ከሥራ ስወጣ አረቄ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ጌታን አላውቀውም ነበር፣ ወገኖቼ።

ባለፈው በጋ የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቶ ነበር። ከጣቢያችን ጀርባ ሰው ሞቶ ድንኳን ተጣለ። ጠዋት ሴቶች ጀሪካን ይዘው መጡና "ወንድማችን፣ ለለቅሶው ሰው የሚጠጣ ውሃ አጣን" አሉኝ። እናንተስ ብትሆኑ ለለቅሶ ቤት እምቢ ትላላችሁ? የመኪናዋን ታንከር ከፈትኩላቸው። እኔ ሁለት ሦስት ጀሪካን መስሎኝ ነበር፤ እድርተኛው በርሜል እያንከባለለ መጣ። ከጣቢያችን የውሃ ጉድጓድ መልሼ ልሞላው ስል መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ። ታንከሩን በዓይኔ አይቼ መዝገብ ላይ መፈረም የእኔ ድርሻ ነው። መብራት ሲመጣ እሞላዋለሁ አልኩና "ሙሉ" ብዬ ፈረምኩ።

እኩለ ቀን ላይ ከዳባት ተደወለ። የገብስ ክምር ተቀጣጥሎ እሳቱ ወደ ቤት ተሻግሯል፤ ውስጥ መራመድ የማይችሉ እናት አሉ ተባለ። ሾፌራችን ጋሽ መኳንንት ሞተሩን እያስነሱ "ውሃው እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ሙሉ ነው" አልኩ።

እውነቱን ብናገር ኖሮ መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ቆመን እንቀዳ ነበር። ድልድዩን ስናልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይበቃል፣ የቀረው ይበቃል እያልኩ ዳባት ገባን።

ቱቦውን ዘረጋሁ። ጥቂት ረጨ፤ ከዚያ ሳል ሳል አለና አየር ብቻ ሆነ። ሰው በአፈርና በእርጥብ ብርድ ልብስ ተረባርቦ እናቲቱን፣ እማማ ይታይሽን፣ አወጣቸው። እግራቸው ተቃጥሎ ነበር። ቤቱና የዓመት እህሉ አመድ ሆነ።

ሕዝቡ በጋሽ መኳንንት ላይ ጮኸ። መሥሪያ ቤቱም መዝገቡ ሙሉ ይላል፣ መኪናዋ በእጃቸው ናት ብሎ ከሥራ አገዳቸው። እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ታንከሩ ያፈሳል ብለው ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ቀዳዳ ሲፈልጉ ዋሉ። በማግስቱም መጡ። "የአንተ ዓይን ይሻላል፣ እስኪ እዚህ ጋ እየው" አሉኝ። ባትሪ ይዤ፣ ወገኖቼ፣ የሌለ ቀዳዳ አብሬያቸው ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ ደረቴን ይጨምቀኝ ጀመር። ጎንደር ድረስ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ "ልብህ ደህና ነው። የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?" አለኝ። "ምንም የለም" አልኩት። ለሐኪምም ዋሸሁ።

አንድ ቀን እግሬ ዳባት ወሰደኝ። እማማ ይታይሽ ልጃቸው ቤት እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። አማኝ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የእግራቸውን ጨርቅ ቀስ ብለው አስተካከሉ። ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ልጄ፣ ሐዘንተኞቹ ጠጡ?" አሉኝ።

"ጠጥተዋል እማማ።"

"እንግዲያስ ውሃው አልባከነም። ያቃጠለን ውሸቱ ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ኢየሱስም ይቅር ይልሃል። ሾፌሩስ?"

ጌታ ይመስገን፣ እዚያው ወለል ላይ ኢየሱስን ተቀበልኩ። አለቀስኩ። ደረቴን የያዘው ነገር ያን ቀን ለቀቀኝ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አረቄም ተውኩ። ሃሌሉያ። ፍርሃቴ ግን አልተወኝም፤ ምክንያቱም "ሾፌሩስ?" የሚለው ጥያቄ ይዞኝ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ መኳንንት ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። "ቀዳዳ አልነበራትማ" አሉ። "ደህና ነበረች መኪናዋ።" ለኃላፊው ጽፌ እንደምሰጥ፣ ቀኑንም ነገርኳቸው። ሻይ እንኳ አላሉኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ዘንድ ቀርቤ በእጄ የጻፍኩትን እሰጣለሁ። ከሥራ ይባርሩኝ፣ ይክሰሱኝ አላውቅም። ሦስት ልጆች አሉኝ። እፈራለሁ፣ ወገኖቼ። ግን የማመሰግነው ፍርሃቴን ስለወሰደልኝ ሳይሆን ብቻዬን ስላልላከኝ ነው። ከመካከላችሁ ባዶውን ሙሉ ነው ብሎ የፈረመ ካለ፣ ወንዙን ሳያልፍ ይናገር። ጌታ ይሰማል፤ እኔን ሰምቶኛል።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ጋሽ መኳንንት መንገድ ላይ አገኙኝ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ "ነገ ስንት ሰዓት ነው?" አሉ። ነገርኳቸው። "በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ" ብለውኝ ሄዱ።