ቋጠሮ ያጣው ሽቦ

እትዬ ላቀች የመኪና ኤሌትሪክ የተማሩት ጅማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሻይ ሲሸጡ ነው። እጃቸው ብርጭቆ ይሰበስባል፣ ዐይናቸው ሽቦው ላይ ነው። ቦንጋ ተመልሰው የራሳቸውን ሥራ ሲከፍቱ «ሴት ምን ታውቃለች» ያለ ሁሉ፣ መኪናው ሲቆምበት ልኮ የሚያስጠራው እሳቸውን ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የማያውቁትን ሽቦ አይቆርጡም። መጨረሻውን እስኪያገኙ በእጃቸው ይከተሉትና በቃጫ ያስሩታል፤ ለመብራት አንድ ቋጠሮ፣ ለፍሬቻ ሁለት፣ ለክላክስ ሦስት። ያኔ ከተማው ውስጥ የሚሸጠው ሽቦ ቀይ ብቻ ስለነበር፣ እዚህ ሲጠገን የኖረ መኪና ሆዱ ቀይ በቀይ ነው። በቀለም መለየት አይታሰብም።

እኔ በጸሐፊነት የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። በ1995 ክረምት ባትሪው በየጠዋቱ ሞቶ ይገኝ ጀመር። መኪናው የሚያድረው ኃላፊያችን ግቢ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ሾፌሩ ላይ ወደቀ፤ ጋሽ ጥሩሰው መብራት ሳያጠፉ ይሄዳሉ ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እስከ ቢታ ገነት በጭቃ የነዱ ሰው፣ በግምገማ ሊባረሩ ሆነ።

እትዬ ላቀች ለምርመራ ተጠሩ። ኃላፊው ግን «በሾፌሩ ቸልተኝነት» የሚል ወረቀት አስቀድመው አስጽፈው ኖሮ፣ ፈርሚ አሏቸው። ሽቦውን ሳላይ አልፈርምም ብለው መኪናው ሥር ገቡ።

በሁለተኛው ቀን ቋጠሮ ያጣ አንድ ሽቦ ቀረ። ከባትሪው በቀጥታ፣ ፊውዝ እንኳ ሳይነካ ይወጣና ምንጣፍ ሥር ይጠፋል። ጋሽ ጥሩሰው ከጭንቀታቸው ብዛት ቆርጠው እንዲጥሉት ለመኗቸው። ቢቆረጥ ባትሪው ይድናል፣ ጥፋቱ ግን በእርስዎ ስም ይቀራል ብለው እምቢ አሉ። ወንበር ነቅለው፣ ምንጣፍ ገልጠው ተከተሉት። ከኋላ፣ ጭቃ ከተለጠፈበት ብረት ጀርባ፣ አንድ ሶኬት ላይ አለቀ።

በግምገማው ዕለት ኃላፊው ስለ ተጠያቂነት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ሁላችንም አቀርቅረን ነበር፤ እኔም ጭምር፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። እትዬ ላቀች ተነሥተው ሁላችንንም መኪናው ወደቆመበት የመሥሪያ ቤቱ ግቢ አስወጡን። መኪናው መጥፋቱን ሁሉም እንዲያይ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ሶኬቱ ላይ የመኪና አምፖል ሰኩ። በራ። በዚያ ክረምት ማታ ማታ የከተማው መብራት ሲጠፋ የኃላፊው ቤት ብቻ ለምን እንደሚበራ ያኔ ለሁሉም ገባው፤ ከዚህ ሶኬት እየሳበ ነበር።

ኃላፊው ፊታቸው ጠቆረ። ወደ እኔ ዞረው፣ ይህ ቴክኒካል ጉዳይ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ አዘዙ። ብዕሬን ከወረቀቱ አነሣሁ።

«የሺሃረግ፣ ጻፊው» አሉኝ እትዬ ላቀች። «ያገኘችው ላቀች ናት በይ። የዘረጋው ሰው ካለ እሱም ስሙን ያስጽፍ።»

ጻፍኩት። ጋሽ ጥሩሰው ከሥራቸው አልተነሡም። ኃላፊውም አልተነሡም፤ ይሄ አሁንም ያበግነኛል። የመንግሥት መኪና ግን ከዚያ ወዲህ እትዬ ላቀች ደጅ አልቆመም፤ ለአንዲት ፊውዝ እንኳ ጅማ ይላክ ጀመር። ገበያቸው ግማሽ ሆነ።

ዝም ቢሉ አይሻልዎትም ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ቀን፣ ከአንድ የቡና ጫኝ አይሱዙ ሥር ተኝተው ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ሽቦው ያለቀው እዚያ ነው» አሉኝ። «ታዲያ ሌላ የት አለቀ ልበል?»