ቅርስ የሆነው የዶሮ ቤት

ጋሽ አፈጮሌን በዚህ ስም የጠሯቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም፤ ለአስጎብኚ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? በሁለት ተራሮች መካከል በተሸጎጠችው ሸለቆ ጎብኚ ሲመሩ ሸብተዋል። ጠዋት ፀሐይ ፏፏቴው ላይ ስታርፍ ቀስተ ደመና ይወጣል። ጋሽ አፈጮሌ ሰዓቷን ያውቋታልና ጎብኚዎቹን ጀርባቸውን ለፏፏቴው ሰጥተው እንዲቆሙ ያደርጉና፣ "ዙሩ!" ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቀስተ ደመናውን እሳቸው ከኪሳቸው ያወጡት ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ከወንዙ ጉም ተነሥቶ ሸለቆዋን ሲሸፍን ደግሞ፣ "እንግዲህ መጋረጃውን ዘጋን" ይላሉ።

ሸለቆዋ ያለ ውሸትም የምታኮራ ናት። በቅድመ አያቶች ዘመን ናዳ ወርዶ ግማሹን መንደር ዋጠው። የተረፉት ሰዎች ከበላያቸው ካለው ደን አንድም ዛፍ ላይቆርጡ ተማማሉ፤ ደኑ እስከ ዛሬ አለ። በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደኑት ቤቶችም አሉ። ኋላ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት መጣና መንደሩን ከነደኑ በሕግ አጠረው። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። አንዱ ጎረቤት የበሩን ቀለም ቢቀይር ስንት ስብሰባ ተጠራበት።

እውነተኛው ታሪክ ይኸው ነው። ችግሩ፣ ይህ ተነግሮ ሲያልቅ ጎብኚው ገና ዳገቱን ማጋመሱ ነው። ዳገቱ የሚያልቀው እሳቸው ግቢ ሲደርስ ነው፤ እዚያ ጎብኚው ሁሉ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማረፍ አለበት፤ እያረፈ የሚያየውም ያስፈልገዋል። በግቢው ውስጥ ደግሞ የሚታይ ነገር ቢኖር የዶሮ ቤት ብቻ ነበር።

የዶሮ ቤቱን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው በተወለደች ዓመት፣ ከፈረሰው ወፍጮ ቤት በተረፈ ድንጋይ። የግንበኛ እጅ ስለሌላቸው ወደ ወንዙ ዘመመ፤ መዝመሙም ያረጀ አስመሰለው።

"ይህ የጥንት ዘብ ቤት ነው" ይሉ ጀመር። "ጠላት ሸለቆዋ ውስጥ ሲገባ የሚታየው ከዚህ ነው። የዘመመው ለምን መሰላችሁ? ዘቡ ተደግፎት ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ ነዋ!"

"ውሸት!" የሚል ድምፅ ከወጥ ቤቱ መስኮት ይመጣል። ባለቤታቸው ናቸው፤ መንደሩ እትዬ ይላቸዋል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር አንድ ጊዜ "ውሸት!" ይላሉ፤ ሽንኩርት መክተፋቸውን ግን አያቋርጡም። ጎብኚው የጉብኝቱ አካል መስሎት በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን ያልሳቀች ሴት መጣች። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ነበረች። ድንጋዩን ዳበስ ዳበስ አደረገች፤ እውነትም የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ ጥንታዊ ነው። ብዙም ሳይቆይ የዶሮ ቤቱ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፦ "ጥንታዊ ዘብ ቤት። መንካት ክልክል ነው።" የጋሽ አፈጮሌ ልብ ቅቤ ጠጣ። አውራ ዶሮው ሰሌዳው ላይ ማደር ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው ከከተማ ደወለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ብቻዋን መውለድ ፈርታለች።

"አባዬ፣ ቤት ልምጣ? እዚያው ልኑር?" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

"ይህ ምን ይጠየቃል! ነይ እንጂ!" አሉ። ዙሪያቸውን ያዩት ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው። ቤቱ አንዲት ክፍልና ወጥ ቤት ነው። ማስፋት ክልክል ነው። የሚፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በቅርብ ዘመን የተሠራ ነገር አፍርሶ በዚያው መሠረት ላይ ክፍል መሥራት። ባልና ሚስት እኩል በመስኮት የዶሮ ቤቱን አዩ።

"በገዛ አፍህ!" አሉ እትዬ። "ልጄን በገዛ አፍህ ቤት አሳጣሃት!" ይህን ብለው አለቀሱ። ጋሽ አፈጮሌ ምድር ጠበበቻቸው።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሄደው ባለሙያዋ ፊት ቆሙ።

"የኔ ልጅ፣ የዶሮ ቤት ነው። የሠራሁት እኔው ነኝ።"

"ጋሼ፣ ጨዋታዎን እኮ እወደዋለሁ" አለች ፈገግ ብላ።

"ቀልዴን አይደለም! ሚስቴ ምስክሬ ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ ውሸት ነው ስትል ኖራለች!"

"ሰምቻቸዋለሁ፤ እትዬ በጣም ያስቃሉ። አብራችሁ ነው የምትለማመዱት?"

በልጃቸው ስም ማሉ፤ እሷ የባሰ ሳቀች። ዓይን ያወጣ ውሸት ሲናገሩ አፉን ከፍቶ ያዳምጣቸው የነበረ ሁሉ፣ አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ ጆሮ ነፈጋቸው። ተስፋ ቆርጠው የበሩን እጀታ ሲይዙ ባለሙያዋ ጠራቻቸው።

"ግን ጋሼ፣ ዘቡ የሚኖረው የት ነበር? እዚያው ከነበረ መኖሪያ አድርገን ማደስ እንችላለን። ሰው የሚኖርበት ቅርስ ቶሎ አይፈርስም።"

ጋሽ አፈጮሌ እጀታውን ለቀቁት።

"እዚያው ነዋ! ያውም ከነሚስቱ! እንዲያውም ከናዳው በኋላ በመንደሩ የመጀመሪያው ሕፃን የተወለደው እዚያች ቤት ውስጥ ነው።"

ልጃቸው ሳትመጣ ጣሪያው ተከደነ፣ ወለሉ ሳንቃ ተነጠፈበት፣ መስኮት ወጣለት። ማዘንበሉን ማቃናት ግን ቅርስ መንካት ነው ተባለ፤ ስለዚህ እንዳትንከባለል ከአልጋዋ እግሮች በሁለቱ ሥር ጡብ ገባ። ዶሮዎቹም ርስታችንን አንለቅም ብለው በየጠዋቱ በመስኮት እየገቡ አልጋው ሥር እንቁላል ይጥላሉ። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ በመጨረሻ ለመደችው።

ምጡ ካሰቡት ቀን ቀድሞ መጣ። እኩለ ቀን ነበር፤ ጉሙ መንገዱን ውጦት መኪና ወደ ሆስፒታል መውረድ አልቻለም። ጋሽ አፈጮሌ ጎብኚዎች ይዘው ግቢያቸው ሲደርሱ ጎረቤት በር ላይ ጠብቃ በጆሯቸው፣ "ምጥ ይዟታል፤ አዋላጇ ገብታለች፤ አንተ ግን እንዳትገባ ተብለሃል" አለቻቸው።

ወደ ቤቱ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ጎብኚዎቹ እያለከለኩ ያዩዋቸዋል። ልጃቸውን ቢያጡስ? የሚያደርጉት ነገር ጠፋቸውና የሚያውቁትን አንድ ሥራ ሠሩ፤ ማውራት ጀመሩ።

"በዚህ ቤት ውስጥ..." በሩን አዩ። "በዚህ ቤት ውስጥ... ሕፃን ተወለደ።"

ይህን ከማለታቸው ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ጎብኚዎቹ በጭብጨባ አቀለጡት፤ የተቀረጸ ድምፅ መስሏቸዋል። በሩ ተከፈተና እትዬ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ብቅ አሉ። ጋሽ አፈጮሌ ከልማድ የተነሣ "ውሸት!" እስኪባሉ ጠበቁ።

"እውነቱን ነው" አሉ እትዬ ለጎብኚዎቹ፣ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። "ሴት ናት። እናቷም ደኅና ናት።"

"ከዚያስ?" አለ አንዱ ጎብኚ። "ልጅቷ ኋላ ምን ሆነች?"

ጋሽ አፈጮሌ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

"እሱን አላውቅም" አሉ፣ ጎብኚዎቹን እዚያው ትተው ጎንበስ ብለው እየገቡ።