በማር ጓዳው የጠጣነው ማኅበር

እዚያ ቤት መጀመሪያ የገባሁት በጓሮ በር፣ ተገፍትሬ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የገባሁት በፊት ለፊቱ በር፣ ትኬት ቆርጬ ነው። የትኛው የበለጠ አናደደሽ ብትሉኝ ሁለተኛው።

ቤቱ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ፎቅና ምድር ቤት አለው። የአገሩ ሰው «ግንቡ» ይለዋል። ድሮ የአንድ ባላባት መኖሪያ ነበር። ባላባቱ ሲሞት የእህል መጋዘን ሆነ፣ ከዚያ ቢሮ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ እኛ ታሰርንበት። አሁን ሙዚየም ነው አሉ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ክረምት ስብሰባ ተጠራንና ሄድን። «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። «የወሰዳችኋቸው የሰፈራችን ልጆች የት ናቸው?» አልኩ። ይኸው ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ወደ ሌላ አለፈ። በማግስቱ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ መጡ። የሰው ቀሚስ አንድ እጅጌው ተሰፍቶ፣ ሌላው መርፌው ስር እንዳለ ቀረ።

ምድር ቤቱ ስገባ ዓይኔ ምንም አላየም፤ የቀደመኝ ሽታው ነው። የእርጥብ ድንጋይ ሽታ፣ የባልዲ ሽንት፣ ከሁሉም ስር ደግሞ አንድ ጣፋጭ ነገር። እብደት የጀመረኝ መስሎኝ ነበር። ሲነጋ ግድግዳውን በጥፍሬ ብፍቀው የቆየ ሰም ሆኖ አገኘሁት። ባላባቱ ማሩን የሚያስቀምጥበት ጓዳ ነበር ለካ። ከጣሪያው ስር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነበረች፣ ብርሃን በዚያ ይገባል። ከእሷ ፊት ለፊት ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረ ትንሽ መደርደሪያ አለ። ከዚህ በቀር ባዶ ድንጋይ ነው።

ሌሎች ሴቶች ይገቡም ይወጡም ነበር፤ የሰነበትነው ግን ሦስት ነን። በር ላይ ጆሮ ስላለ ስም አንጠራራም፣ በአገር ነበር የምንጠራራው። እኔ የፍኖተ ሰላሟ ነኝ። አንዷ የቡሬዋ ናት፤ የአዊ ተወላጅ ገበሬ ስትሆን በአማርኛ ትጸልይና በአዊኛ ትሳደባለች። ጥፋቷ ለመንገደኞች ውኃ ሰጥተሻል ነው። «ውኃ የጠማውን ሰው ማነህ፣ ከየት ነህ ብዬ ልመርምረው? መርማሪ እኔ ነኝ እናንተ?» ብላቸው አንዱ ጠባቂ በጥፊ መቷታል።

ሦስተኛዋ አሮጊት ነበሩ፣ የቋሪት ሰው። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ «እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቀመጫለሽ» ተብለው የመጡ። አንቺ! በእኛ አገር እንኳን እሳቸውን የምታህል እናት፣ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴትም አንቺ አትባልም። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጠባቂ ሁሉ በሩን በረገደ ቁጥር «አንቺ አሮጊት!» ይላቸዋል። ከረሃቡም ከባልዲውም ይልቅ ይህ ነበር ደሜን የሚያፈላው። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ ሆነው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር። የማርያም ማኅበር አላቸው፤ በወር በወሩ ሃያ አንድ ቀን በየተራ የሚደገስ። የወሩ ማኅበር ተጠጥቶ ሲያበቃ ቀጣይዋ ተረኛ ጽዋውን ተቀብላ፣ እልል እየተባለላት ቤቷ ታስገባለች። ያስገባች ሳትደግስ መቅረት የለባትም፣ ነውር ነው፣ ከነውርም በላይ ነው። እማማ ጽዋውን ባስገቡ በሳምንቱ ነው የተያዙት።

«ጠላየ ተጠንስሷል» ይሉናል በየቀኑ። «ሴቶቹ መጥተው ደጄ ቢዘጋባቸው ምን ይሉኝ?»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ታስረዋል» አልኳቸው። «ማን ይቀየምዎታል?»

«ሰውማ ይረዳኛል ልጅየ። እሷስ?» አሉና ወደ ላይ አዩ። እመቤታችንን ማለታቸው ነው።

የቡሬዋ ከጥጓ ሆና «እንግዲያ እዚሁ ይደግሱዋ!» አለች። ለቀልድ ነው የተናገረችው። እማማ ግን ቀና አሉ፣ ፊታቸው በራ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ቤት ማለት የታደረበት አይደል?»

ሃያ አንድ ደረሰ። እህቴ የላከችልኝ ድፎ ዳቦ፣ የሆነ ነገር ተደብቆበታል ተብሎ በሽቦ ተወጋግቶ፣ ወንፊት ሆኖ ገባ። ውኃ የምንጠጣበት የቲማቲም ጣሳ ነበረን። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ከጀሪካኑ ሞሉት፣ ሸፍነው ግድግዳው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ጠዋት ጠዋት ብርሃን በየት እንደሚገባ አይተው ወደ ምሥራቅ አዞሩን። ቄስ የለ፣ ጧፍ የለ። አባታችን ሆይ አልን። ከዚያ እሳቸው ብቻቸውን «እመቤቴ፣ ጠላየ ቤት ቀርቷል። ይህን ውኃ እንደ ጠላ ቁጠሪልኝ» አሉ። በማኅበር ጸሎት ስም ይነሳልና ያን ቀን የክርስትና ስማችንን ተነጋገርን። አንድ ላይ ስንውል ስናድር ሰንብተን ስም የተዋወቅነው ያኔ ነው።

ዳቦው እየተቆረሰ ሳለ በሩ ተበረገደ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው፣ ያ የቡሬዋን በጥፊ የመታት።

«ምንድነው የምትዶልቱ?» አለና መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣሳ በዱላው ጠረገው። ውኃው እማማ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

የቡሬዋ ተነሳች። እማማ የቀሚሷን ጫፍ ይዘው አስቀመጧት። ከዳቦው ትልቁን ቁራሽ አነሱ።

«ና እንግዲህ ልጄ» አሉት። «ማኅበር ላይ የደረሰ ሳይቀምስ አይወጣም።»

ሰውየው ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ዱላውን ብብቱ ስር አስገባና ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋ። ጎንበስ አለ። አሳዳጊ አለው ለካ! እናቱ ያስተማረችው ነገር ከራሱ ቀድሞ ተቀበለ። ዳቦው እጁ ላይ ከገባ በኋላ ነው ያደረገው ለራሱ የታወቀው። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ቁራሹን እንደጨበጠ ወጣ።

እማማ ጣሳውን አንስተው ዳግም ሞሉት። ጠጣን። ሲያበቃ «ለሚመጣው ማን ያነሳዋል?» አሉ፣ እንደ ደንቡ። እኔ አነሳሁት። የቡሬዋ እልልታዋን በመዳፏ አፍና እልል አለችልኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ተረኛ የሆንኩት። በልቤ ግን ሃያ አንድ ሳይደርስ እንፈታለን፣ እማማን ቋሪት ድረስ ሄጄ ቤታቸው እደግስላቸዋለሁ እል ነበር።

ሳል የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋዩ በክረምት ያለቅሳል፣ እኛ የለበስነው ጋቢ ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር፣ አልረዳቸውም። ደም ሲተፉ በሩን ደበደብን። የጠባቂዎቹን አለቃ ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። «ልጇ ይምጣና ያሳክማት» ነው ያለ። በንዴት አይደለም፣ ተቆጥቶም አይደለም፤ የእህል ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህ ሰው እናት የለውም?

አንድ ጠዋት በፒካፕ ወሰዷቸው። ደግፈን በሩ ድረስ አደረስናቸው። ዞር አሉና «ሃያ አንድን እንዳትረሽ ልጅየ፣ ውኃም ቢሆን» አሉኝ።

ሃያ አንድ ሳይደርስ እኛም ተፈታን። «በስህተት ነው፣ ሂዱ» አሉን። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ጣሳውን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቋሪት ስልክ ስናስደውል እማማ ተቀብረዋል ተባልን። ሐኪም ዘንድ አልደረሱም፤ መንገድ ላይ፣ የቋሪቷ ከተማ ገበዝ ማርያም ሳይደርሱ ነው ያረፉት።

ማኅበሩን ቤቴ ልደግሰው አስቤ ነበር። የቡሬዋ አልተስማማችም። «የዚያ ቤት ጽዋ ነው፣ የተቀበልሽው እዚያ፤ እሳቸው የተነሱት ከዚያ» አለች። ልክ ናት። ግን ማን ያስገባን? ግንቡ ተቆልፎ፣ ዙሪያው ታጥሮ ቆየ። ጣሳው ከስፌት መኪናዬ በላይ ተቀምጦ በየወሩ ሃያ አንድ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ዘንድሮ በሬዲዮ «ታሪካዊው ግንብ ታድሶ ለጎብኚዎች ክፍት ሆነ» ሲሉ ሰማሁ። ለቡሬዋ ደወልኩላት።

«ሙዚየም?» አለች። «ያን ጊዜ በነጻ አስገብተውኝ አሁን ከፍዬ ልግባ? አላደርገውም! ይልቅ የቤት ኪራይ ይመልሱልኝ!»

ሳቅን። ሃያ አንድ ጠዋት ዳቦዬን ጋግሬ፣ ጣሳዬን ይዤ፣ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ስደርስ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ብቻሽን እንዳትገቢ ብዬ ነው እንጅ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

አስጎብኚው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ትሁት፣ ያጠናውን እንደ ዳዊት የሚያወርድ። ፎቁን አሳየን፤ የጠፍር አልጋ፣ ኮርቻ፣ ጎራዴ፣ ባላባቱ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ። ስንት ሰንጋ እንደሚጣል፣ ምን ያህል ጠጅ እንደሚወርድ ነገረን። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረድን። የቡሬዋ ክንዴን ያዘችኝ።

ግድግዳው በኖራ ነጥቷል። ባልዲው የነበረበት ጥግ ላይ የማር ጋን ተቀምጧል። እማማ የተኙበት ቦታ ላይ ገመድ ተወጥሮ «መንካት ክልክል ነው» ተብሏል። መደርደሪያው ላይ የቀንድ ዋንጫ አለ። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ «የማር ጓዳ። ከባላባቱ ሞት በኋላ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ውሏል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ ነው እንዳልል ፊደሉ ግልጽ ነው።

«ወንድምየ» አልኩት፣ «ልዩ ልዩ አገልግሎት የሚባለው ምንድነው?»

«የእህል መጋዘን ነበር፣ ቢሮም ነበር እትየ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ እድሳት ነው የተገባ።»

የቡሬዋ በአዊኛ አንድ ነገር አለች። ሰውየው አዊኛ ይሰማ ኖሯል፣ ፊቱ ተለወጠ።

እኔ አልቻልኩም። «ልዩ ልዩ አገልግሎቱ እኔ ነኝ!» አልኩት። ድምፄ ድንጋዩን መትቶ ተመለሰ። «እሷም ናት! ጋኑን ያስቀመጣችሁበት ባልዲያችን ነበር። ገመድ የወጠራችሁበት አንዲት እናት ደም ስትተፋ ያደረችበት ነው! የባላባቱን በሬ ቆጥረህ ነገርከኝ፤ የሞተ ሰው እንዴት አይቆጠርም? ኖራ ቀብታችሁ፣ ማር ጽፋችሁ፣ ትኬት ትሸጡልናላችሁ? ኧረ በማርያም!»

«እንዲህ በሉ ነው የተባልን እትየ» አለ ዝቅ ብሎ። «እኔ ተቀጣሪ ነኝ።»

ገመዱን ተሻገርኩ። «መንካት ክልክል ነው እኮ…» አለ፣ ግን አልያዘኝም። ጣሳውን ከሃይላንዴ ውኃ ሞላሁት። ጠላ መጥመቅ አቅቶኝ አይደለም፤ ውኃም ቢሆን ብለውኛል። ከቀንድ ዋንጫው አጠገብ አኖርኩትና በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት። ወደ ቀዳዳዋ ዞርን። አባታችን ሆይ አልን። የክርስትና ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠራሁ። እዚህ አልጽፈውም፣ ልጃቸው እስካሁን አልተመለሰም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሰው እንዲሰማው አድርጌ ነው የጠራሁት።

ዳቦውን ቆረስኩ። ለቡሬዋ ሰጠሁ። ከዚያ ወደ አስጎብኚው ዞርኩ።

«ማኅበር ላይ የደረሰ ሳይቀምስ አይወጣም» አልኩት።

የአንገቱን ባጅ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሁለት እጁን አጋጥሞ ተቀበለኝ። ያኛው ጠባቂ ቁራሹን ጨብጦ እንደሸሸ አልሸሸም፤ እዚያው ቆሞ በላ፣ ጠጣም።

«ለሚመጣው ማን ያነሳዋል?» አልኩ።

የቡሬዋ ጣሳውን አነሳች። ያን ጊዜ ያፈነችውን እልልታ አሁን ራሷ ለራሷ ለቀቀችው፤ ፎቅ የነበሩ ጎብኚዎች ምን ሆነ ብለው ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ። ጣሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አስጎብኚውን «የሚመጣው ሃያ አንድ ክፍት ነው?» አለችው።

ሰሌዳውን አየ። እሷን አየ።

«ክፍት ነው» አለ። «ትኬት ግን እንዳትቆርጡ። ማኅበርተኛ ትኬት አይቆርጥም።»

ሰሌዳው እስካሁን አልተለወጠም፣ የማር ጓዳ ይላል። የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፊ ያለኝ አለ፤ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ያየሁትን አይቻለሁ። ብቻ ወሩ ሲደርስ ስፌቴን አቁሜ ወደ ቡሬ እሄዳለሁ። ባለፈው ከቋሪት ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር፣ የእማማ ማኅበርተኞች። አንደኛዋ ግድግዳውን ዳበሰችና «የምን ሽታ ነው እንዲህ የሚጣፍጥ?» አለች። ኖራው ሰሙን አልሸፈነውም።