ዘበኛው ድምፅ ሲሰጡ
ሽማግሌው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኮታቸው ተተኩሷል፤ ጫማቸው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ከመንገድ መብራትና ከጎርፍ መውረጃ ቦይ የትኛው ይቅደም ተብሎ ሰፈርተኛው በየስልኩ ድምፅ እየሰጠ ነው። እሳቸውም መነጽራቸውን ጠርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥያቄውን አነበቡ።

«አባባ፣ ይሄን እኮ ቤትዎ ጋደም ብለውም መጫን ይችላሉ» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ በር ላይ ዘብ ቆሜ የሚወስኑትን ሳስገባ ኖርኩ። ታዲያ የራሴ ተራ ሲደርስ ጋደም ልበል?»

ቦዩን መረጡ። ስልኩ «ድምፅዎ ተመዝግቧል» ሲላቸው ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ እጀታው ተዘረጋ፤ ግን መለሱት። አዲሱ ዘበኛ እስኪከፍትላቸው ድረስ ደረታቸውን ነፍተው ጠበቁ።