የአባቴ ትንፋሽ

ትናንት ታቦር ሰፈር፣ በአንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የጋዝ እሳት ሲያፏጭ ሰማሁና እግሬ ተያዘ። አባቴ ብርጭቆ የሚነፋበት ክፍል ድምፅ ነው።

አባዬ ለኮሌጅ ቤተ ሙከራ የሚሆኑ ጠርሙሶችን ይሠራ ነበር። ሀዋሳ ውስጥ ይህን ሙያ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ስምንት ዓመቴ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታው ይዞኝ ሄደ። ጫፉ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ እሳቱ ላይ እያሽከረከረ አቀላው፤ ሲለሰልስለት በሌላኛው ጫፍ ነፋ። እንደ ብርቱካን ክብ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሽ አበጠና ቆመ። አባዬን ሳል ያዘው። ደግሞ ሞከረ። ብርጭቆው ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ቀረ።

የሥራ ባልደረባው ጋሽ ዱካሞ እሳቱን ቀነስ አደረገና፣ «ሐኪሙ ያለህን ለቤት ነገርክ?» አለው።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ ሌላ ሥራ አላውቅ።»

እኔ ደክሞት መሰለኝ። «አባዬ፣ እኔ ልንፋልህ?» አልኩት።

ጋሽ ዱካሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አባዬ ግን የምሩን አዲስ ቱቦ አሙቆ ጫፉን ሰጠኝ። ጉንጬን እስኪያመኝ ነፋሁ፤ ምንም አልሆነም።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ።

በዓመቱ አረፈ።

ይህን ለእናቴ የነገርኳት ገና ትናንት ቤት ስገባ ነው።

«አውቅ ነበርኮ» አለችኝ። «እንዳይጨነቅብኝ ብዬ የማላውቅ መስዬ ኖርኩ። ሌላ ምን ላድርግለት?»