በጠፍር የታሰረው ተጎታች

ባለቤቴ ዓባይ ላይ ሰው የሚያሻግሩባት የብረት ጀልባ አለችን። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቡሬ ወደሚገኘው ቤታችን እናመጣታለን፤ እዚያው ብትቀር ደራሽ ጎርፍ ይወስዳታል። ሌላ የምናሠራበት አቅም የለንም።

የምትመጣው በተጎታች ነው። በተጎታቹ ወገብ ላይ ጀልባዋ እየተንሸራተተች የምትወጣባቸው፣ ጎማ የለበሱ ተንከባላይ ሮለሮች ተደርድረዋል። እነሱን ግራሶ መቀባትና ከፍታቸውን ከጀልባዋ ሆድ ጋር ማስተካከል የየዓመት ሥራችን ነው። ጉልበታችን ስላለቀ ቀን ሙሉ ይፈጅብናል።

አምና ግንቦት የአንዱ ሮለር መያዣ ብሎን ዝገት በልቶት ተሰበረ። ባለቤቴ ብሎን ፍለጋ ገበያ መውጣት ደከማቸው። እርጥብ የበሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጠው መያዣውን ጠፈሩት። ሲደርቅ እንደ ብረት ሆነ።

"ሞፈርና ቀንበር ስንት ዘመን የያዘ ነው" አሉኝ።

ነቅነቅ አድርጌ አየሁት፤ ንቅንቅ አይልም።

ወንዙ ዳር እንደደረስን ከነመኪናው የተከራየነው ሹፌር ተጎታቹን ወደ ኋላ ነድቶ ውሃ ውስጥ አቆመው። ባለቤቴ የመጨረሻዎቹን ገበያተኞች ሊያሻግሩ ሄደው ቆዩ። ሲመለሱ ጀልባዋን በገመድ መሳብ ጀመርን። ግማሽ እንደወጣች ጠፍሩ ረገበ፣ ሮለሩ ዞረ፣ ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች። ጠፍር ውሃ ሲጠጣ እንደሚለሰልስ ሁላችንም ከልጅነት እናውቃለን። ተጎታቹ ውሃ ውስጥ እንደሚቆም ግን አላሰብነውም።

ሹፌሩ ገመዱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ።

"አባባ፣ በሬዎቹንስ የት ጥለዋቸው መጡ?"

"አፍህን ትተህ ገመዱን ያዝ!"

"እሱንማ ይዣለሁ። ውሃው እየደፈረሰ ነው፤ ከላይ ዘንቧል።"

ባለቤቴ እስከ ደረታቸው ገብተው ትከሻቸውን ከጀልባዋ ሥር ሰጡ።

"ይውጡ፣ ትቅር" አልኳቸው።

እሳቸው ይበልጥ ገፉ። ሹፌሩ ገመዱን መኪናው ላይ ጠመጠመና ከመሣሪያ ሳጥኑ ብሎንና መፍቻ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ተመልሶም ገመዱን ያዘ። እጁ ያልተያዘ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ቀና ሲያደርጓት ሮለሩን በእግሬ ገፍቼ ቀዳዳዎቹን አጋጠምኩ፤ ብሎኑን አስገብቼ አጠበቅሁ። ሹፌሩ ሳበ፤ ጀልባዋ ወጣች።

ባለቤቴ ልብሳቸውን ሳይጨምቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዘንድሮ ተጎታቹን ስናዘጋጅ መፍቻ አቀበሉኝ።

"አንቺ አጥብቂው፤ የእኔ እጅ መጨበጥ ትቷል።"

አጠበቅሁ። እሱም ሥራ በእኔ ላይ ተጨመረ።